ፓራሲታሞል በሁለት ሰዓት ልዩነት ቢደገም ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ ራስ ምታት ሲጀምረኝ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ እውጣለሁ፤ ካልተሻለኝም ከሁለት ሰዓት በኋላ እደግማለሁ። ጉንፋን ሲይዘኝ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ የጉንፋን መድኃኒት እጨምርበታለሁ። ሆዴን አስቸግሮኝ ስለማያውቅ ጉዳት ያለው አይመስለኝም፤ ባለቤቴ ግን «አበዛኸው» ትለኛለች። የስድስት ዓመት ልጃችንን ሲያተኩሰውም ግማሽ ፍሬ እሰጠዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ስሜ አይገለጽ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚወስዱት 1 ግራም ክብደቱ ከ50 ኪሎግራም በላይ ለሆነ ጤነኛ አዋቂ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ ስሕተቱ ያለው ከድግግሞሹ ላይ ነው። በመካከሉ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል ስድስት ሰዓት ሊያልፍ ይገባል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም በጠቅላላው ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ፍሬ መብለጥ የለበትም። እርስዎ በያዙት አካሄድ ግን የሙሉ ቀኑ መጠን በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላላቸው ሳያውቁት በእጥፍ ሊወስዱ ይችላሉ። በማሸጊያው ላይ «አሴታሚኖፌን» ተብሎ ቢጻፍም መድኃኒቱ ያው ነው።

ሆድዎን አለማስቸገሩ እውነት ነው፤ ከአስፕሪንና ከአይቡፕሮፌን ይልቅ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ፓራሲታሞል ሲበዛ በዋናነት የሚጎዳው ጉበትን ነው። መድኃኒቱ በጉበት ውስጥ ሲብላላ ጥቂቱ ወደ መርዛማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ይህንንም ግሉታታዮን የተባለው የሰውነት ውህድ ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግሉታታዮኑ ይመናመንና መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። አሳሳቢው ነገር በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ ያለፈ ምልክት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ምንም ምልክት ላይታይ መቻሉ ነው፤ የዓይን ቢጫ መሆን የሚመጣው ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ አለበት። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ይባላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ጉበትን በእጅጉ ይታደጋል።

የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ አልኮል አዘውትረው የሚጠጡ፣ ምግብ በቅጡ የማያገኙ ወይም ክብደታቸው ከ50 ኪሎግራም በታች የሆነ ሰዎች የቀን ጣሪያቸው ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቁ።

የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደቱ ነው፤ ለአንድ ኪሎግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሆኖ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ልጅዎ 20 ኪሎግራም ከሆነ ግማሹ ፍሬ ከመጠኑ አይወጣም፤ ከዚያ በእጅጉ ለቀለለ ልጅ ግን ይበዛል። ለልጅ ሽሮፕ የተሻለ ሲሆን፣ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም የያዘም 250 ሚሊግራም የያዘም ስላለ ጽሑፉን አይተው፣ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይስጡት።

ራስ ምታቱ በወር ስንት ቀን እንደሚነሳብዎ አልጻፉልንም። ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ መውሰድ በራሱ ራስ ምታትን ሊያመጣ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የሚወስዱባቸውን ቀናት መዝግበው ሐኪም ያማክሩ። ድንገት የጀመረ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ከአንገት መገተር፣ ከዕይታ መደብዘዝ ወይም ከአካል መዛል ጋር የመጣ ከሆነ ግን በክኒን ሳያስታግሱ ወዲያውኑ ይታከሙ።