የበግ ነጂና የበግ ጠባቂ ውሻ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ሠላሳ የሚሆኑ በጎች አሉኝ። አንድ ጥቁርና ነጭ ውሻ በባለቤቱ ፉጨት ብቻ መንጋ ሰብስቦ ጉረኖ ሲያስገባ በቴሌቪዥን ካየሁ ወዲህ፣ አምስት ወር የሞላውን ቡችላዬን እንደዚያው ላለማምደው ብሞክር በጎቹን እያባረረ ይበትናቸዋል፤ ባለፈው ሳምንትም የአንዲት ግልገል ጆሮ ነክሷል። የአገራችን ውሻ ይህን ሥራ መልመድ ይችላል? እርስዎስ በውጭ አገር የበግ ነጂ ውሾች ውድድር ሲዳኙ ውሻውን በምን ይመዝኑት ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእኛ በወሎዎች አነጋገር አብሽሩ፤ ቡችላዎ አልተበላሸም፣ የጠየቁት ግን የሌላ ውሻ ሥራ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ቦሩ ሜዳ ላይ በግ ሳግድ አብሮኝ የሚውለው ውሻ አንድ ቀን እንኳ በግ መልሶልኝ አያውቅም፤ በፉጨትና በወንጭፍ የምመልሰው እኔው ነበርሁ። እሱ ከመንጋው ዳር ተጋድሞ ይውልና ቀበሮ ሲሸተው ቀድሞ ይነሣል። የእንስሳት ሕክምና ለመማር ስኮትላንድ ሄጄ የነጂዎቹን ውሾች ሥራ ባየሁ ጊዜ ግን፣ ይህ ነጂውና ያ የእኛው ጠባቂ ሁለቱም «የበግ ውሻ» ተብለው በአንድ ስም መጠራታቸው ራሱ ገረመኝ።

አዳኝ እንስሳ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። ያዩት ውሻ ቦርደር ኮሊ ይባላል፤ አርቢዎቹ ማድባቱንና ማሳደዱን አጉልተው መንከሱን ያዳከሙበት ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በሰሜን እንግሊዝ የተወለደው የአዳም ቴልፈር ውሻ ሄምፕ፣ ሳይጮኽና ሳይናከስ በጎችን በዓይኑ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ስለ ነበር የዛሬዎቹ ኮሊዎች ከእሱ የዘር ሐረግ ይመዘዛሉ። በጠባቂ ውሻ ግን ይህ የአደን ስሜት በጠቅላላው የደበዘዘ ሊሆን ይገባዋል፤ የሚያሳድድ ጠባቂ ጠባቂ አይደለም።

ስለ ዳኝነቱ ለጠየቁኝ፦ በብሪታንያ የመጀመሪያው የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1873 በዌልስ፣ ባላ በተባለች ከተማ ተካሂዶ ትዊድ የተባለ ውሻ አሸነፈ። እኔ በዳኘሁባቸው የመንደር ውድድሮች ከመቶ 20 ነጥብ የሚያዘው ውሻው ሰፊ ዙሪያ ሄዶ ከመንጋው ጀርባ መድረሱ ነው፤ ማስነሣት 10፣ ወደ እረኛው ማምጣት 20፣ ከእረኛው አርቆ መንዳት 30፣ ጥቂት በጎችን ከመንጋው መለየት 10፣ ጉረኖ ማስገባት 10 ይይዛሉ። ዳኛው ከሙሉው ነጥብ እየቀነሰ ይሄዳል። ሥራውን የሚያከናውነውም ብዙውን ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ የስኮትላንድ ዝናብ ከደሴ ክረምት አይተናነስም።

ከሁሉ የማስተውለው ማስነሣቱን ነበር። ውሻው ከጀርባ ደርሶ በጎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸውን የሚያነሡባት ቅጽበት አጭር ናት፤ ነጥቧም 10 ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚያች ቅጽበት የደነገጡ በጎች እስከ ጉረኖው በር ድረስ ውሻውን አያምኑትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ውሻ ፍጥነት ተማርኬ ከሚገባው በላይ ነጥብ ሰጥቼ፣ በጎቹ ሲያለከልኩና አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሻውን ትቼ በጎቹን መመልከት ለመድሁ።

የእርስዎንም ቡችላ በዚሁ ሚዛን ያዩታል። ጠባቂ ውሻ ከበግ ጋር መላመድ ያለበት በሁለተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የእርስዎ ትንሽ ቢያልፈውም ጨርሶ አልመሸበትም። ከግልገሎቹ ይለዩትና ቢዳፈራቸው በግንባራቸው ከሚመቱት አውራና ጎልማሳ በጎች ጋር ያውሉት። ማባረር ሲጀምር ወዲያውኑ እንዲያቆሙት ረጅም ገመድ ይሰሩለት፤ ቆይቶ መምታት ምንም አያስተምረውም። ልጆችዎም በሩጫ እያባረሩት እንዳይጫወቱ ይከልክሉ፣ ያንኑ ጨዋታ ነው በጎቹ ላይ የሚደግመው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ካልወሰደ ሳይውል ሳያድር ያስከትቡት፣ በየዓመቱም ይድገሙለት፤ ይህ ለቤተሰብዎ ብቻ ሳይሆን፣ በእኛው ቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ለሚኖረውና ከውሻ በሚጋባበት በሽታ ለሚያልቀው ለቀይ ቀበሮም ነው።

እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ለብቻው ከመንጋው ጋር አይተዉት። ከዚያ በፊት ግን አልፎ አልፎ ፀጥ ብለው በሩቁ ይመልከቱ፤ ወደ በጎቹ ሲጠጋ ራሳቸውን ቀና አድርገው ከተሰባሰቡ ገመዱ ይቆይለት፤ ከጎኑ ተኝተው የሚያመሰኩ ከሆነ ሊፈቱት ይችላሉ።