በእጅ ይከፈታል፣ ሎግ ኢን ሲደረግ ግን ባዶ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እንደገባኝ ከሆነ ሊኑክስ ላይ በጎክሪፕትኤፍኤስ (ፎልደር በሚመሰጥር ፕሮግራም) የተመሰጠረ ፎልደር አለህ። ሎግ ኢን ስታደርግ ፓም ማውንት የሚባለው ፕሮግራም በራሱ ይከፍተው ነበር። ፓስወርድህን ከቀየርክ ወዲህ ግን የምታየው ባዶ ፎልደር ነው። አይዞህ፣ ዳታህ አልጠፋም።

ፓም ማውንት የራሱ ቁልፍ የለውም። ሎግ ኢን ላይ የጻፍከውን ፓስወርድ ተቀብሎ ለፎልደሩ ያቀብላል፣ በቃ። አንተ የቀየርከው የኮምፒውተሩን ፓስወርድ ነው። ፎልደሩ ይህን በምን ያውቃል? አሁንም የሚጠብቀው የድሮውን ነው። ለማረጋገጥ ፓስወርዱን ራስህ እየጻፍክ በእጅህ ክፈተው። በድሮው ተከፍቶ አዲሱን እምቢ ካለ ምክንያቱ ተገኘ። በጎክሪፕትኤፍኤስ የራሱ የፓስወርድ መቀየሪያ ትዕዛዝ አዲሱን ስጠው። ፋይሎችህ እንደገና አይመሰጠሩም። የሚለወጠው ፋይሎቹ የተመሰጠሩበትን ዋናውን ቁልፍ የቆለፈው ፓስወርድ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ያልቃል። አስቀድመህ ግን ይህ የተቆለፈ ቁልፍ ያለበትን የጎክሪፕትኤፍኤስ ኮንፊግ ፋይል ኮፒ አድርግ። እሱ ከተበላሸና ዋናውን ቁልፍ ካላስቀመጥክ መመለሻ የለውም።

ሁለቱ ፓስወርዶች አንድ ሆነውም እምቢ ካለ፣ እንዴት እንደምትገባ እይ። ኦቶ ሎግ ኢን በርቷል? በጣት አሻራ ነው የምትገባው? እንደዚያ ከሆነ ፓስወርድ አልጻፍክም፤ ፓም ማውንትም የሚያቀብለው ነገር የለውም። ከሌላ ኮምፒውተር በርቀት በኤስኤስኤች ቁልፍ ሲገባም ያው ነው። እኔ አሻራውን ስክሪን ለመክፈት ብቻ ትቼ ለሎግ ኢን አጥፍቼዋለሁ። ትንሽ ያሰለቻል፣ ግን ይሠራል።

አንድ አደራ አለኝ። ባዶ ሆኖ በሚታየው ፎልደር ውስጥ ምንም እንዳታስቀምጥ። ያስቀመጥከው ፋይል ሳይመሰጠር ዲስኩ ላይ ይቀራል። ደግሞም ጎክሪፕትኤፍኤስ ውስጡ ፋይል ያለበት ፎልደር ላይ ማውንት ለማድረግ (የተመሰጠረውን ከፍቶ እዚያ ለማሳየት) ፈቃደኛ አይደለም፤ ስለዚህ ፓስወርዱ ከተስተካከለም በኋላ ችግሩ ይቀጥላል። አንተ ባታስቀምጥ እንኳ ብሮውዘርህ ወይም ሲንክ የሚያደርግ ፕሮግራም ሹልክ ብሎ ሊጥልበት ይችላል። የተደበቁ ፋይሎችንም አሳይ ብለህ ፈትሽ። ያገኘኸውን ወደ ሌላ ቦታ አውጣና እንደገና ሞክር።

ይህ ሁሉ ካልፈታው የፓም ማውንት ኮንፊግ ውስጥ ዲበግን (ዝርዝር መልእክት የሚያስጽፈውን ምርጫ) 1 አድርግ፣ ውጣና ግባ፣ ከዚያ የሲስተሙን ሎግ አንብብ። የት ላይ እንደተሰናከለ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይጽፋል። የፓም (ሎግ ኢንን የሚቆጣጠረው የሊኑክስ ክፍል) ፋይሎችን ራሳቸውን መንካት ካስፈለገህ ግን ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆነህ የገባህበት ሌላ ተርሚናል ክፍት ይሁን። አንዲት መስመር ከተሳሳተች ሎግ ኢን ጭራሽ ሊከለክልህ ይችላል። አዲሱ አሠራር በሌላ መስኮት እንደሚያስገባህ ሳታይ ያንን ተርሚናል አትዝጋው።