ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

የዘንድሮው የሮቦት ውድድር ጨዋታ ይፋ ሲሆን የምታደርጉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ማብራሪያው ሳያልቅ አንዱ ክንድ ይሥላል፣ ሌላው መወርወሪያ። እኔም ተማሪዎችን ማገዝ በጀመርኩበት ዓመት አብሬ ሥያለሁ። ሮቦታችን ከመሬት እንዲያነሳም፣ እንዲወረውርም፣ እንዲንጠለጠልም ፈለግን። ክንዱ የተገጠመው ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሾፌራችን ሮቦቱን በወጉ የነዳው እዚያው ውድድሩ ሜዳ ላይ ነበር። ውጤቱን ባልነግራችሁም ትገምታላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሕግ መጽሐፉ ስጡ። የነጥብ ሠንጠረዡን ደግሞ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። በፈርስት ሮቦቲክስ፣ ማለትም በየዓመቱ አዲስ ጨዋታ በሚወጣለት የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፣ የ2022ቱን (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጨዋታ እንይ። ግጥሚያው 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ሮቦቱ ያለ ሾፌር ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ ላይኛው ቅርጫት የገባ ኳስ 2 ነጥብ ነበር። ሮቦት በአንድ ጊዜ ከ2 ኳስ በላይ ስለማይይዝ፣ አንድ ምልልስ ቢበዛ 4 ነጥብ ነው። ማብቂያው ላይ ዘንግ ላይ መንጠልጠል አለ፦ ዝቅተኛው 4፣ መካከለኛው 6፣ ከፍተኛው 10፣ የመጨረሻው 15።

ሁሉም 15ቱን ያያል። እዚያ የሚደረሰው ግን ከዘንግ ወደ ዘንግ በመሸጋገር ነው፤ ከባድ ሥራ ነው። ለተጨማሪው የደረጃ ነጥብ (የቡድኖች ደረጃ ለሚወጣበት ነጥብ) ደግሞ ጥምረቱ፣ ማለትም በአንድ ወገን አብረው የሚጫወቱት ቡድኖች፣ በመንጠልጠል 16 ማግኘት ነበረበት። 15 ብቻውን አንድ ይጎድለዋል! አንዱ ሮቦት መካከለኛው ላይ፣ አጋሩ ከፍተኛው ላይ ቢሰቀሉ ግን ልክ 16 ይሞላል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያየ ቡድንና ያላየ ቡድን የሚሠሩት ሮቦት አንድ አይሆንም።

ስሌቱን ካመናችሁ በኋላ በእግራችሁ ፈትኑት። ወለሉ ላይ ሜዳውን በፕላስተር አስምሩ፤ አንዳችሁ ሮቦት ሁናችሁ ኳስ እያነሳችሁ ተመላለሱ፣ ሌላው ሰዓት ይያዝ። (አላፊ አግዳሚው ይስቃል፤ ይሳቅ።) በወረቀት ላይ 8 ሰከንድ የመሰላችሁ ምልልስ፣ የተቃራኒው ወገን ተከላካይ ሮቦት መንገድ ሲዘጋባችሁ እጥፍ ይሆናል።

እጅ በማውጣት ድምፅ ግን አትወስኑ፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ያሸንፋልና። ሮቦታችሁ የማይሠራውን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሻንሲውን (ጎማዎቹ የሚገጠሙበትን የሮቦቱን መሠረት) ቀድማችሁ ጨርሱ፤ እናንተ ክንዱን ስትሠሩ ሾፌሩ በእሱ ይለማመድ። ክንዱ ባይደርስ እንኳ በደንብ የሚነዳ ሮቦት ተከላካይ ይወጣዋል።