«ሰሌዳው ላይ እንደምታዩት…»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰሌዳ ላይ ግራፍ እስልና «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እላለሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የምደነግጠው። ባልደረቦቼን ሳማክር «ምን አስጨነቀሽ? ፈተናውን እንደምንም ይሥራ፣ አንቺ ቢ ስጪው፤ ጽድቅም ነው» አሉኝ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ? (መምህርት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ የመንዝ ልጅ። ያንን የጽድቅ ቢ ተቀብዬ አውቃለሁ። ከእሱ ልጀምርልሽ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የተማርኩበት ከተማ እንደ እናንተ ደብረ ብርሃን ብርዳም ነው። ፈተናው ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዋለ። በብሬል ተጽፎ መጣልኝ፤ ያኔ ይህ ራሱ ብርቅ ነበር። ብሬል የሚነበበው በጣት ጫፍ ነው። ጣት ሲደነዝዝ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል። እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ፣ እተነፍስበታለሁ፣ ሁለት መስመር አነብባለሁ፣ ተመልሶ ይደነዝዛል። ግማሹን ሳልሠራ ሰዓት አለቀ ተባለ።

ውጤት ሲወጣ ቢ ነው። መምህሩ ጋ ሄጄ «አልሠራሁትም እኮ» አልኩት። «ዓይን ሳይኖርህ እዚህ መድረስህ ራሱ ይበቃል» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ያንን ትምህርት ሳላውቀው ተመረቅሁ። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ያው ምዕራፍ ሲመጣብኝ፣ ሌሊት ሌሊት ከዜሮ ተነሥቼ ተማርኩት። የዚያን ቀን አንድ ሰዓት ቢጨመርልኝ ራሴው እሠራው ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጁን ለብቻው አግኝተሽ «እንዴት ነው የምትማረው?» ብለሽ ጠይቂው። በጓደኞቹ ፊት አይሁን። ሁሉም ዓይነ ስውር ብሬል ያነባል ማለት አይደለም። ካደገ በኋላ ዓይኑን ያጣ ሰው በድምፅ መማር ሊቀለው ይችላል። የሚመራው ጓደኛ አብሮት ቢሆንም የምታናግሪው እሱን ነው።

ቀጥሎ ሰዓት ጨምሪለት። ይህ ችሮታ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 የፈተና ሰዓት ማራዘምን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ከሚሰጡ ድጋፎች አንዱ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። እሱን የተካው አዋጅ 1152/2011ም ጉዳዩን አልተወውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትንም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ባልደረቦችሽ ከጠየቁሽ ይህን ንገሪያቸው።

ሰዓቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ በአንድ ቃል ላሳይሽ። «ሰላም» በቀለም ሦስት ፊደል ነው። በአማርኛ ብሬል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። የአንድ ምልክት ነጥቦች የሚያርፉበትን ቦታ «ቤት» እንበለው። ሰ ሁለት ቤት፣ ላ ሁለት ቤት፣ ም አንድ ቤት፤ አምስት ሆነ። በስሌትና ስታይለስ (ብሬል በእጅ በሚጻፍበት ቀዳዳማ ሰሌዳና መብሻ) የሚጽፍ ከሆነ በየቤቱ ያለውን ነጥብ አንድ በአንድ ይበሳል። ያውም ከቀኝ ወደ ግራ፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ክፍል ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ማስታወሻ እየያዘ ነውና ዝም አታሰኚው።

«እንደምታዩት» የሚለው ቃል አያስጨንቅሽ። እኔም «ዜና አየሁ» እላለሁ። የሚጎዳው «ይህ ከዚህ ሲቀነስ» የሚለው ነው። የቱ ከየቱ? የጻፍሽውን ሁሉ በስሙ ጥሪው። «ጠቅላላ ገቢ ሲቀነስ ጠቅላላ ወጪ» በይ። ያን ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ጽሑፉ የማይታየውም ተማሪ ይከተልሻል።

ግራፉ ግን በአፍ ብቻ አይሆንም። ካርቶን፣ ኮላና ክር ያስፈልግሻል። ቋሚው መስመር ዋጋ፣ አግዳሚው ብዛት ነው። ፍላጎትን በወፍራም ክር ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ለጥፊው። አቅርቦትን በቀጭን ክር ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ። ሁለቱ በሚገናኙበት አንድ ምስር ለጥፊ። ከዚያ ፍላጎት ሲጨምር ምን እንደሚሆን ማሳየት ከፈለግሽ፣ ሌላ ወፍራም ክር ወደ ቀኝ ፈቀቅ አድርገሽ ጨምሪና አዲሱ መገናኛ ላይ ሁለተኛ ምስር አድርጊ። ልጁ ጣቱን ከአንዱ ምስር ወደ ሌላው ሲወስድ ዋጋውም ብዛቱም እንደጨመረ ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

ይህን የሠራልኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ከወለጋ ነበር የመጣው። አማርኛው ገና ነበር፤ እኔ ደግሞ አፋን ኦሮሞ አልችልም። የመጀመሪያውን ወር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። ክሩን ከአሮጌ ሹራቡ ተርትሮ አወጣው። ምስሩን ከካፌ ለምኖ አመጣ። ከዚያ ጣቴን ያዘና መገናኛው ላይ አስቀመጠው። «ገዥና ሻጭ እዚህ ነው የሚስማሙት» አለኝ። አሁንም ስለ ገበያ ሳስተምር ጣቴ ላይ የሚመጣብኝ ያ ምስር ነው።

ሃንድአውትሽን ክፍል ከመግባትሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ ላኪለት። ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነ ጽሑፍ ለስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብልን ፕሮግራም) ሥዕል ነው፤ አያነበውም። ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደልን የሚለይበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛም ትርጉም የሌለው ኮተት ሆኖ ይሰማል። በዩኒኮድ የተጻፈ የዎርድ ፋይል ላኪ።

ማርኩን በሚመለከት፣ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ኤፍ ካመጣ ኤፍ ስጪው፤ ደግሞ ይማረዋል። ኤ ካመጣም ማንም በሐሜት አይቀማውም።

ፈተናው ታኅሣሥ ላይ ከዋለ ደግሞ አደራ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አታድርጊበት። ወደ አራት ሰዓት ግፊው። ፀሐይ ትውጣለትና ጣቱ ይሙቅ።