ገጽ 143ን በምላጭ ቆረጥኩት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ?

የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። 39 ዓመቴ ነው፤ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አንዲት ልጅ አለችን፤ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል።

ልቦለድ ማንበብ የጀመርኩት በ2016 ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ከመሸ መውጣትም ቀርቶ፣ ሌሊቱ አልነጋ ሲለኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ አዋሰችኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። መንገዴ ላይ መጽሐፍ የሚያከራይ ልጅ አለ። መያዣ አስይዤ በሳምንት ሁለት እወስዳለሁ። አዲስ የፍቅር ወይም ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሲመጣ «እትዬ፣ አስቀምጬልዎታለሁ» ይለኛል።

አሁን ልጄም ማንበብ ጀምራለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንድ ሌሊት ግን ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልክ መብራት ስታነብ አገኘኋት። ከቦርሳዬ ያወጣችው መጽሐፍ ነው። አንድ ሀብታም ወጣት አንዲት ነርስ ይወዳል። እኔ ራሴ አልቅሼበታለሁ። እምቢ ስትለው ሦስት ወር ሙሉ የሥራ ቦታዋ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የምትሄድበት ሁሉ ይከተላታል። በኋላ ስልኳን ተቀብሎ የወንዶቹን ቁጥር በሙሉ ያጠፋል። እንዴት ቢወዳት ነው! በመሀል ደግሞ የሆስፒታሉ ሐኪም ተገድሎ ይገኛል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይታወቅም።

ገጽ 143 ላይ ግን አብረው ያድራሉ። ያን ልጄ እንድታነበው አልፈለግኩም። መጽሐፉን መልሳ እንደምታወጣው ስለማውቅ ወረቀቷን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁና መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ቡና እያፈላሁ መጣች። «እማ፣ 143 እና 144 የሉም» አለችኝ። «አርጅቶ ነው፣ ተገንጥሎ ይሆናል» አልኳት። መጽሐፉን ከፍታ አስጠጋችልኝ። «ቢገነጠል ጫፉ ይቦጫጨቅ ነበር። ይሄ ቀጥ ያለ ነው። የሚቀጥለው ወረቀት ላይም የምላጭ ጭረት አለ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቡናው ገነፈለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታዋራኛለች፣ ግን እንደ ድሮው አይደለችም።

ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቤቴ እንዳይገባ» አለኝ። የሒሳብ ውጤቷም ቀንሷል። ልከልክላት? እኔስ ማንበቤን ልተው? ወረቀቷ አሁንም የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ናት።

ግራ የገባት እናት፣ ከአባይ ማዶ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ስለ ልጅሽ ብዬ ነው። ያችን የምላጭ ጭረት ያየች ዓይን እንዴት ታስደስታለች! የምርመራ ልቦለድ የሚያስለምደው ይህንኑ ነው። ጎበዝ ደራሲ ፍንጩን አይደብቅም። ፊታችን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ግን ከተራ ነገር ጋር ይቀላቅለዋል፣ አሳሳች ፍንጭም ጣል ያደርግበታል። አንባቢው ቀስ በቀስ «ይህን ያለው ማነው? በዚያ ሰዓት የት ነበር?» ማለት ይለምዳል። ልጅሽ ለምዳዋለች። እንዳትከለክያት።

አንቺም አትተዪ። የፍቅር ልቦለድ እኛ አገር ሁልጊዜ ከልጅ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 የታተመ የፍቅር ታሪክ ነው፣ ያውም የጎጃም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አባት፣ እናትና ልጅ አብረው ቁጭ ብለው ነው ያዳመጡት። እዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አስተውዪ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምራት ገባ፤ ተዋደዱ። የለያቸው የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ወግና የዘር ኩራት ነው። ሰብለ ራሷ ግን ወዳዋለች፤ ስለ እሱ ብላ ከአባቷ ቤት ወጥታለች።

ወደ ነርሷ ልመለስ። እዚህ ላይ ሊከብድሽ ይችላል፣ ግን ልንገርሽ። ምላጭሽ ያረፈው ያለ ቦታው ነው። አንቺ እንደነገርሽኝ ገጽ 143 ላይ ሁለት ሰዎች አብረው አደሩ። ሰውየው እምቢታዋን አልሰማ ብሎ ሦስት ወር በር ላይ የቆመበት፣ የተከተላት፣ ስልኳን የነካካበት ገጽ ግን አንዱም አልተነካም። አንቺም «እንዴት ቢወዳት ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እስቲ አስቢው። አንድ ሰው በልጅሽ ትምህርት ቤት በር ላይ ሦስት ወር ቢቆም ምን ታደርጊ ነበር? ቀበሌ ትሄጃለሽ፣ ፖሊስ ትጠሪያለሽ፣ ባልሽን ከመንገድ ትመልሻለሽ። ልቦለዱ ውስጥ ለምን ያምራል? ደራሲው የሰውየውን ልብ ከፍቶ ስላሳየን ነው። እኛ ደግ መሆኑን እናውቃለን። በር ላይ ቆሞ የምታየው ነርስ ግን አታውቅም። ከሷ ዓይን ሆነሽ ያንኑ ምዕራፍ ደግመሽ አንብቢው፤ ፍርሃቱ ይሰማሻል። እኔም በወጣትነቴ ቅናትን ፍቅር ነው ብዬ የተቀበልኩበት ጊዜ ነበር። ያነበብኳቸው መጻሕፍት እንደዚያ ይሉ ነበር፤ «ተይ» የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ፍቅርንና ግድያን የሚያጣምሩ ልቦለዶችን የምወዳቸውም ለዚህ ነው። ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ይዘው ይሄዳሉ፤ ይገናኙ ይሆን? ይህስ ሰው ይታመናል? ልጅሽን «ነርሷን ብትሆኚ ይህን ሰውዬ ትጠረጥሪው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። ጭረት ያየች ልጅ ይህንንም ታያለች።

ዛሬ ማታ ወረቀቷን ከመሳቢያው አውጪና በፕላስተር ለጥፊያት። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ዋሽቼሻለሁም፤ ይቅርታ» በያት። ለዚህች ገጽ ገና ልጅ ናት ብለሽ ካመንሽ ፊት ለፊት «ሁለት ዓመት ቆይተሽ አንብቢያት» ማለት መብትሽ ነው፤ እናቷ ነሽ። መጽሐፉ ደግሞ ያንቺ አይደለም። መጽሐፍ ወደሚያከራይሽ ልጅ ሂጂና የሆነውን ነግረሽ ዋጋውን ክፈዪው። ሒሳቧን በተመለከተ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጥፋ፤ ላንቺም ጭምር።

ባለቤትሽ ሲመጣ መጽሐፉን ስጪው። አንብቦ ይናገር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ውረዱ። የደንገል ታንኳዎቹ የሚታዩበት ቦታ ተቀመጡና የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳትከፍቱ አንቺም እሷም ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደጠረጠራችሁት ተነጋገሩ። አንቺ ታሪኩን አንብበሻልና አፍሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ ሌላ ካሻችሁ፣ በ2001 የወጣው የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ጣናን ራሱን የምስጢር ቦታ ያደረገ ነው። ፊታችሁ ያለውን ውኃ እያያችሁ ብታነቡት ደስ ይላል።

ልጅሽ ስለዚያ ሰውዬ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።