ቤቱን ለመሸጥ ላሰብሽው እህቴ

የ81 ዓመቱ አባትሽ የጉበት ካንሰር ወደ ሳንባቸው እንደተዛመተ፣ ሆስፒታሉ ለፅኑ ሕሙማን ክፍል ማስያዣ እንደጠየቀ፣ ወንድሞችሽም ቤቱ ይሸጥ እንዳሉ ጽፈሻል። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነውና ስሚኝ።

1. ሂሳብ ክፍል ከመሄድሽ በፊት ሐኪሙን ለብቻው አግኝተሽ «የመተንፈሻ መሣሪያ ቢገባላቸው፣ ሲነቀልላቸው በራሳቸው ይተነፍሳሉ ወይ?» በይው። እኔ ለእናቴ ይህን አልጠየቅኩም። ስንት እንደሚከፈል ብቻ ነበር የጠየቅኩት።

2. የጤና መድን ደብተር ካላቸው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ያዙ። እኛ ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ትተን በሌሊት ወደ ግል ሆስፒታል ሮጥን፤ መድኑ አንድ ብር አልሸፈነልንም።

3. ከሩቅ የሚያዝ ዘመድ አይወስንላችሁ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ በየማታው እየደወለ «ምንም እንዳይጎድልባት» ይል ነበር። እናቴ ቱቦውን እንዳትነቅል ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረው ነበር። ሳሻት ቀይ መስመሩ አንጓዋ ላይ ቀርቷል። የንስሐ አባቷ ሲመጡ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ብሎ ጥበቃው ከበር መለሳቸው። በ11ኛው ቀን አረፈች። ቀሪው ሂሳብ ካልተከፈለ አስከሬኑ አይወጣም አሉን! ሰፈር ድንኳን ተተክሎ፣ ለቀስተኛ ተሰብስቦ፣ እኔ ሂሳብ ክፍሉ መስኮት ሥር ቆሜ በስልክ ገንዘብ ስለምን ዋልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ በቆሽት ካንሰር ሲታመም ግን አስቀድመን ራሱን ጠየቅነው። «ከቤቴ አታውጡኝ» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ድረስ እየሄደ የማስታገሻ ሕክምና ይሰጣል፤ አባትሽ ያሉት እዚያው ከሆነ ፈልጊያቸው። ለአባቴ ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። አጎቶቼ «ልትገድሉት ነው» ብለው ተቆጡኝ፤ እኔ ግን ጸናሁ፣ በዚያም አልጸጸትም። ሐኪም ለክቶ ያዘዘው ሞርፊን ሕመሙን ነው የሚያስታግሰው። ሆድ ስለሚያደርቅ ግን የሚያለሰልሰውን መድኃኒት አብራችሁ አስጽፉ፤ እኛ ረስተነው አራት ቀን ተሠቃየ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ተኝቶ ማደር ቻለ። ጠዋት ቡና ስቆላ «ጭሱን ወደዚህ» ይለኝና ምጣዱን አልጋው ድረስ እወስድለት ነበር።

አባትሽ ገና መናገር ከቻሉ ዛሬ ማታ ወንድሞችሽ ባሉበት ጠይቂያቸው። ማስያዣውን እስከዚያ አትክፈሉ።