ከራምቦ ቤት ለአባቴ ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው፤ ፈረንሳይኛም የለመደው እዚያው ነው። አንዳንዱን የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ግጥም እስከ ዛሬ በቃሉ ይለዋል። ሐረር ሄዶ የራምቦን ቤት ማየት ይመኛል፤ ጉልበቱ ግን ደረጃ አያስወጣውም። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሄድኩለት። ከሙዚየሙ አጠገብ ካለች የስጦታ ዕቃ ሱቅ የቤቱን ምስል ገዛሁ፤ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ናት፣ 900 ብር። ማታ ወንድሜ አይቷት «ራምቦ እኮ እዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነ ልስጠው ወይስ ይቅር? 1780 የሚል ጠገራ ብርም አሳይተውኝ ነበር፤ ተመልሼ እሱን ልግዛለት?
ሳ.፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያደግኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው፤ ድሬ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የደንገጎን ዳገት ይዤ ወጥቼ መጀመሪያ የማሳየው ያንን ቤት ነው።

ወንድምሽ ልክ ነው። ያ ባለፎቅ የእንጨት ቤት ራምቦ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ በ26 ዓመቱ ነው፤ የመን ውስጥ ኤደን ወደብ በነበረ የፈረንሳዮች ንግድ ቤት ተቀጥሮ። ሄድ መጣ እያለ እስከ 1891 ቆየ። ቤቱ የእሱ ባይሆንም ሙዚየሙ የቆመው በእሱ ስም ነው። ባለቀለም መስተዋቶቹ፣ ሥዕል ያለበት ጣሪያ፣ የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች፣ ከላይ ሆነሽ የምታዪው የጀጎል ጣሪያ ሁሉ፤ ይህን ያየ ሰው ራምቦ የኖረባትን ከተማ በደንብ ይገምታል። ስለዚህ ምስሏን ስጫቸው። ስትሰጫቸው ግን ታሪኩን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቤቱ የህንዱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ምናልባትም ከእኛ በፊት ያውቁት ይሆናል።

ጠገራ ብሩን ተይው። 1780 ማለቱ ምንም አያረጋግጥልሽም። የኦስትሪያዋ የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል፤ ሁሉም ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ነው። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ልብሽ ከፈለገው የምታምኚው ብር ሠሪ ጋ ወስደሽ አስመዝኚ እንጂ ዓመቱን አይተሽ አትክፈይ። እኔ አንድ ጊዜ ዓመቱን አይቼ ከፍያለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ቆርቆሮ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ታዲያ ምን ትግዢላቸው? እኔ ብሆን ራምቦ ሐረር ምን ሲሠራ ነበር ብዬ እነሳለሁ። ግጥም አልጻፈም። ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ትቶታል። ሐረር ውስጥ ነጋዴ ነበር። ቡና ያስመዝናል፣ ቆዳ ይገዛል፣ የዝሆን ጥርስ ይልካል። ስለዚህ ቡና ግዢላቸው። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሚያምር ወረቀት የታሸገውን አይደለም፤ ጥሬውን። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነጀንፈሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ሲቆላ ያንን የፍራፍሬ ሽታውን ያወጣዋል። ሸዋ በር ገበያ ሂጂና እፍኝ ዘግነሽ አሽትቺው። ጆንያ ጆንያ ካለሽ እለፊው። ቤት ስትገቢ አባትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ቁይው። ጭሱ ሲነሳ «ራምቦ ኤደን ይልከው የነበረው ይህንን ነው» በያቸው።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ራምቦ ከፈረንሳይ ባስመጣው ካሜራ ራሱን ሐረር ውስጥ አንስቷል። አንዱ ላይ የቡና ተክል መሀል ቆሟል፤ ሌላው ላይ የሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሯል። ለእናቱ ሲልክላት ታዲያ ፎቶዎቹ ነጣ ያሉት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ እንደሆነ ጽፎላታል። የውሃ ነገር ሐረርን መቼም ለቋት አያውቅም። እኔ ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ከፊቱ ይልቅ ያ ንጣቱ ነው የሚይዘኝ፤ የእኛው ውሃ ነዋ። ፖስት ካርዱን ካገኘሽ ግዢ፤ ካጣሽ ድሬ ፎቶ ቤት አሳትመሽ በፍሬም አድርጊላቸው። አደራ፣ ንጣቱን በኮምፒዩተር አታስተካክሉት።

አሁን ያላልሽኝን ልበልሽ። ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም ያልሽው ልቤን ነካው። ራምቦንም ከሐረር ያስወጣው ጉልበቱ ነው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ሚያዝያ ላይ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወደብ አደረሱት። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። አባትሽ ይህን ሳያውቁ አይቀሩም፤ ለዚህም ይሆናል ቤቱን የሚመኙት።

እንግዲያው ይዘሻቸው ሂጂ። ከድሬ ሐረር ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ከሆነ ጋቢና አስቀምጫቸው፣ እግራቸውን ይዘርጉ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ መኪና ይገባል። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር ድምፅ እየሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ወንድምሽ የሚታጠፍ ወንበር ይያዝ፤ በደከማቸው ቁጥር ይቀመጡ። ፎቅ አይውጡ። ግቢ ሆነው የእንጨቱን ሥራና መስተዋቶቹን ይዩ። ላይ ያለውን አንቺ በስልክሽ አንስተሽ አውርጂላቸው፤ ፈረንሳይኛውን እሳቸው ያንብቡልሽ።